አሥራ ዘጠኝ ጥንድ ቦቲ

ዕለቱ ሐሙስ ነው፤ የነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ለቡ አስፋልት ዳር ያለውን የኦቦ ቶሎሳን ጋጣ ስከፍት፣ ጠዋት በእጄ የሰቀልኳቸው አሥራ ዘጠኝ ጥንድ ቦቲ ጫማዎች አልነበሩም። አንድም አልቀረም። ዳማ የሚባለው ፈረሳቸው ብቻ ጥጉ ላይ ቆሞ ድርቆሽ ያኝካል። ዕድሜዬ አሥራ ሦስት ነበር። የጫማዎቹ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ባለቤቶቹ ከሥራ የሚመለሱት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ክረምት ለዘገባ ወደ ለቡ ሄጄ አንድ የግንባታ ቦታ ጥበቃ ቤት በር ላይ ቆሜ ሰው እጠብቅ ነበር። ደጃፉ ላይ እርጥብ ቦቲዎች ተደርድረዋል። የረጠበ ላስቲክና የዋልካ ጭቃ ሽታ መጣብኝ። ሽታውን አውቀዋለሁ፤ ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። የጎደለው ፈረስ መሆኑን ለማወቅ ጥቂት ደቂቃ ፈጀብኝ።

ያኔ ሰፈራችን አዲስ ነበር። ቤቶቹ ተሠርተዋል፤ መንገዱ አልተሠራም። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው መሬት እርሻ የነበረ ዋልካ ነው። በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት እንደ ሊጥ ይይዛል። ሃያ እርምጃ ከተራመዱበት ጭቃው በጭቃ ላይ እየተደረበ እግርን እንደ ድንጋይ ያከብደዋል። በባዶ እግር እንዳይኬድ ከየግንባታው የወዳደቀ ሚስማርና የመስታወት ስባሪ ውስጡ አለ። ስለዚህ ሰው ሁሉ በቦቲ ይወጣል፤ የሥራ ጫማውን በፌስታል ይይዛል። አስፋልቱ ጋ ሲደርስ የማያውቀውን ሰው ትከሻ ተደግፎ ይቀይራል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጭቃ የለበሰው ቦቲ የት ይግባ? ቁጥቋጦ ሥር የደበቀ ማታ አያገኘውም። በፌስታል ጠቅልሎ ታክሲ የገባ ከወያላው ጋር ይጣላል።

እናቴ ከወያላ ጋር ከሚጣሉት አንዷ ነበረች። መካኒሳ አቦ አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ሆና ትሠራለች። በሰኔ ወር ሁለት ደብዳቤ ደረሳት፤ አንዱ በጭቃ ጫማ ስለመግባት፣ ሁለተኛው ስለማርፈድ። ያረፈደችው ጫማ ስታጥብ ነው። እኔ ክብ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ የምስጋና ይመስለኝ ስለነበር የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለጎረቤት ልጆች አሳይቻለሁ። ሁለተኛው ሲመጣ እናቴ አስቀምጣ ነገረችኝ፤ እነዚህ ማስጠንቀቂያ ናቸው፣ ሦስተኛው ግን የስንብት ይሆናል። ቤታችን ውስጥ ደመወዝ የሚያገኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ ሰባተኛ ክፍል ሲቪክስ የሚያስተምረን ቲቸር ዳንኤል የክረምት የቤት ሥራ ሰጠን። የሰፈራችሁን አሥር ችግር ጻፉ፤ ከአሥሩ አንዱ እናንተ ራሳችሁ የምትፈቱትና ሰው ደስ ብሎት የሚከፍልበት ይሁን አለን። እዚያው ክፍል ውስጥ ጀመርኩ። ድርቅ ብዬ ጻፍኩ። ሙስና። የዓለም ሙቀት መጨመር። ችግር የሚባለው በዜና የሚነገረው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ቲቸር በትከሻዬ በኩል ደብተሬን አየ።

«ቲጂ፣ ሙስናን እስከ መስከረም ትጨርሽዋለሽ?»

ክፍሉ ሳቀ።

«ዛሬ ጠዋት ቤታችሁ ማን ተናደደ?»

«እማዬ።»

«በምን?»

«በጫማ።»

«በቃ፣ እሱን ጻፊ።»

ያሾፈብኝ መስሎኝ አልጻፍኩትም። ሐምሌ ሲገባ ግን በየጠዋቱ እናቴን እስከ አስፋልቱ መሸኘት ጀመርኩ። ጫማዋን ስትቀይር እደግፋታለሁ፤ ቦቲዋን ይዤ እመለሳለሁ፤ ማታ ይዤ እጠብቃታለሁ። ለሥራ ብዬ የጀመርኩት ነገር አልነበረም። በሦስተኛው ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆኑት ጎረቤታችን ጋሽ መኮንን በአንድ እግራቸው ቆመው ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ለእናትሽ ብቻ ነው ወይስ ለድሃም ታደርጊያለሽ?»

የሳቸውንም ያዝኩ። በማግስቱ ሁለት ብር ሰጡኝ። በሳምንቱ መጨረሻ ስድስት ጥንድ ሆነ፤ በገመድ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ መሸከም አቃተኝ። ቤት ወስዶ መመለሱ እንደማያዋጣ የገባኝ ያኔ ነው። ጫማዎቹ አስፋልቱ ዳር የሚውሉበት ቤት ያስፈልጋቸዋል።

አስፋልቱ ዳር የነበረው ቤት አንድ ነው፤ የኦቦ ቶሎሳ። ኦቦ ቶሎሳ የአገሩ ሰው ናቸው። እኛ የሰፈርንበት መሬት፣ ከኛም በላይ እስከ ጉብታው ድረስ ያለው፣ የሳቸውና የዘመዶቻቸው እርሻ ነበር። በሬዎቻቸውን ሸጠዋል። ጋጣው ውስጥ የቀሩት ዳማና ግድግዳው ላይ ዙሪያውን የተተከሉት፣ ቀንበርና ሞፈር ይሰቀልባቸው የነበሩት የእንጨት መስቀያዎች ናቸው።

«ኪራዩ ስንት ነው?» አልኳቸው፣ እናቴ እንዳስጠናችኝ።

«የምን ኪራይ?»

«የጋጣው።»

በር ላይ ካለው ድንጋይ ሳይነሱ አዩኝ። «የዳማን ፋንድያ ጥረጊ። ሌላ ሥራ የለኝም ላንቺ።»

እናቴ ፈቀደች፤ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበራት። የሰው ዕቃ አደራ ነው አለችኝ። የአንድ ሰው አንድ ጫማ የጠፋ ዕለት ሥራው ይዘጋል፣ እኔም ቀሪውን ክረምት ቡታጅራ አክስቴ ቤት አሳልፋለሁ። እኔ ቡታጅራ ከሄድኩ የእናቴን ቦቲ የሚይዝ አይኖርም፤ ሦስተኛው ደብዳቤ ይመጣል። ይህን ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ጮክ ብለን አልተናገርነውም።

የመጀመሪያው ሳምንት ስህተት ቁጥሩን በካርቶን ላይ መጻፌ ነው። ቦቲ ሁሉ ጥቁር ነው፣ ሁሉም ከአንድ ገበያ የተገዛ ነው። ካርቶኑ ረጥቦ ቀለሙ ሲፈስ ሁለት ሰዎች አንዱ የአንዱን ግራ አድርገው ሄዱ። ከዚያ ከግሮሰሪ ደጃፍ ቆርኪ ለቀምኩ። እያንዳንዱን ቁጥር በሚስማር ሁለት ቆርኪ ላይ ጻፍኩ፤ አንዱ በሽቦ ቦቲው ጆሮ ላይ ይታሰራል፣ ሌላውን ባለቤቱ ይይዛል። አንድ ቁጥር የእናቴ ሆነ። አሥራ አራት ቁጥር ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ የሆነችው ሄለን ነበረች። ሄለን በየቀኑ ቅሬታ ነበራት።

«ቲጂ፣ እግሬ ፈረስ ፈረስ ይላል። ትናንት አንድ ደንበኛ ብሩን እየቆጠረ አፍንጫውን ያዘ።»

«ብሩ ሸቶት ይሆናል» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ቆርኪሽንም ከሳንቲም ጋር ለሰው ልሰጥ ነበር!»

ቅሬታዋን እየነገረችኝ ትከፍላለች፤ አንድም ቀን አልቀረችም።

ኦቦ ቶሎሳ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ጠዋት ጠዋት ጫማ የሚሰጠኝን ሰው ሁሉ ያያሉ። ሰውየው ታክሲ ከገባ በኋላ ይጠይቁኛል።

«ኢንተላ፣ ይሄ የማን ነው?»

ልጅ ሆይ ማለታቸው ነው፤ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

«የሄለን።»

«ቤቷ የት ጋ ነው?»

እነግራቸዋለሁ። በከንፈራቸው ይደግሙታል፤ ጣታቸውን ያጥፋሉ። እየቆጠሩ ኪራይ ሊያስከፍሉኝ የተዘጋጁ መሰለኝ። አንድ ሰሞን ደንበኛ እያሳነስኩ ነገርኳቸው። አሥራ አንድ ሲሆኑ ሰባት አልኩ። እሳቸው የሚሉትን ቀርቤ የሰማሁት ቆይቼ ነው። «ባቄላው ላይ» ይላሉ ስለ ሄለን። ስለ ጋሽ መኮንን፣ «ከምንጩ በላይ፣ ጓያው የነበረበት።» እናቴ «የጤፉ ዳር» ነበረች። የሚቆጥሩት ማን የትኛው ማሳቸው ላይ እንደሚኖር ነው።

ወደዚያ ሐሙስ ልመለስ። ጠዋት አሥራ ዘጠኝ ጥንድ ተረክቤ፣ ፋንድያውን ጠርጌ፣ በሩን በገመድ አስሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ገና ማለዳ ከታች በኩል የዕድር ጥሩንባ ተነፍቶ ነበር። ሰምቼዋለሁ። የነባሮቹ ዕድርና የኛ የአዲሶቹ ማኅበር ለየብቻ ስለነበሩ የነሱ ጥሩንባ ሲነፋ ከኛ ቤት ማንም አይወጣም። እኔም አልወጣሁም።

አሥር ሰዓት ላይ ተመልሼ ባዶውን ግድግዳ ሳይ መጀመሪያ ያደረግኩት መስቀያዎቹን በእጄ መዳበስ ነው። ከዚያ ድርቆሹን ገለጥኩ። ኦቦ ቶሎሳን ተጣራሁ፤ የሉም። አላለቀስኩም፤ ለማልቀስ ጊዜው አልነበረኝም። ወጥቼ መሬቱን አየሁ። ሌባ ቢሆን ወደ አስፋልቱ ነበር የሚሄደው። ከበሩ የሚወጣው የቦቲ ዱካ ግን ወደ ታች፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው የሚሄደው። ብዙ ነው፤ ጎን ለጎንና ተራ በተራ የተረገጠ ነው። የሚሮጥ ሰው ዱካ የለበትም።

ከቤተ ክርስቲያኑ የሚመለሰውን ዱካ ተከትዬ ከምንጩ በታች ወዳለው ነባር ሰፈር ደረስኩ። ድንኳን ተተክሏል። ከቀብር የተመለሱ ሰዎች በጎድጓዳ ሳህን ንፍሮ ይዘው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዝቅ ብዬ ከወንበሮቹ ሥር ተመለከትኩ። ቦቲዎች። ጆሯቸው ላይ ቆርኪ ተንጠልጥሏል። ሰባት። አሥራ አንድ። አንድ።

ኦቦ ቶሎሳ መግቢያው ላይ ነበሩ።

«ኢንተላ፣ መጣሽ? ነይ፣ ተቀመጪ።»

«ኦቦ፣ ቦቲዎቹ...»

«አዎ። ደረቅ ነበሩ።»

የሞቱት አደ ጫልቱ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ የኦቦ ቶሎሳ ወንድም ሚስት። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው መሬቱ ከሄደ በኋላ ወደ ከተማው ተበትነዋል፤ ለቀብሩ የመጡት በከተማ ጫማ ነው። አስፋልቱ ላይ ከታክሲ ወርደው ጭቃውን አይተው ቆሙ። ሬሳ ይጠብቃል። ኦቦ ቶሎሳ ጋጣውን ከፈቱ።

«የሰው ናቸው፣ ኦቦ» አልኩ።

«የሰው አይደሉም ያለ ማን ነው? ሰው ሊቀበር ጫማ ግድግዳ ላይ ይውላል?»

ሰዓቱን ጠየቅኩ፤ አሥራ አንድ ሊሆን ነው። አስፋልቱ ጋ ሮጥኩ።

መጀመሪያ የወረደችው ሄለን ነበረች። ቆርኪዋን አወጣች።

«አሥራ አራት።»

«የለም።»

«የለም ማለት?»

«ለቅሶ ቤት ሄዷል።»

«ማን?»

«ቦቲሽ።»

ጋሽ መኮንን ከኋላዋ ነበሩ። «የኔስ?»

«የርስዎም። የሁሉም።»

«እኔ ሦስት ዓመት እዚህ ስኖር አንድ ለቅሶ አልደረስኩም» አሉ ጋሽ መኮንን። «ቦቲዬ ቀደመኝ ማለት ነው።»

ሄለን አልሳቀችም። ሌሎቹም እየወረዱ መሰብሰብ ጀመሩ። አንድ ሰው፣ «አምጡ በያቸው እንጂ፣ ምን ይጠበቃል!» አለ። እናቴ ከመጨረሻው ታክሲ ወርዳ ሁሉንም ሰማች። ወደኔ አላየችም።

«ለቅሶ ቤት ገብቶ ጫማ አውልቁ የሚል ማን ነው?» አለች። «በሉ እንሂድ።»

በሥራ ጫማችሁ ቀስ ብላችሁ በድንጋዩ ላይ እለፉ እያለች አስከተለቻቸው። ድንጋይ የነበረው እስከ ግማሽ መንገድ ነው። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ የሄለን ተረከዝ አይታይም ነበር። ከአሥራ ዘጠኙ ባለቤቶች አሥራ ስምንቱ ነባሮቹ ቤት ገብተው አያውቁም፤ እናቴ ብቻ አንድ ጊዜ እርጎ ልትገዛ መጥታለች። እየገቡ እግዜር ያጽናችሁ አሉ። ቦታ ተለቀቀላቸው፤ ንፍሮ ተሰጣቸው። ከዚያ ሁሉም ተቀምጦ እያኘከ የፊት ለፊቱን ሰው እግር ማየት ጀመረ። ስለ ጫማ የተናገረ የለም። ስለ አደ ጫልቱ ተወራ። ሄለን ቤቷ ያለበትን ቦታ አጠገቧ ላሉት ሴትዮ ስትነግራቸው፣ «ጫልቱ ናት እኮ እዚያ ባቄላ የዘራችው» አሏት።

አስቀድመው ያወቁት የሟች ልጅ ናቸው። ቆርኪውን እግራቸው ላይ አዩ፤ ከዚያ ጋሽ መኮንን ጉልበት ላይ ያለውን ቆርኪ አዩ። ጎንበስ ብለው አወለቁና በወንበሩ ሥር ገፋ አደረጉላቸው። ጋሽ መኮንንም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉ። ከዚያ በየወንበሩ ሥር መለዋወጥ ሆነ። እኔ እየዞርኩ ቁጥር አመሳከርኩ። አሥራ ስምንት ጥንድ ተገኘ።

የቀረው አሥራ አራት ነው። ከድንኳኑ ውጭ አንድ ወጣት የቀኙን ይዞ ቆሟል። ግራ እግሩ ላይ ፌስታል አስሯል። መቃብር ከቆፈሩት አንዱ ነው።

«ግራውስ?» አልኩት።

«እዚያው ቀረ።»

«እዚያ የት?»

መሬት መሬት አየ። «ሳጥኑን ስናወርድ ጭቃው ከእግሬ ላይ ወሰደው። ካህኑ ጸሎት እየደገሙ ነው። ጫማ ልቆፍር ልበል? አፈርኩ።»

ሄለን ከኋላዬ ቆማ ሰምታለች። ቆርኪዋን በጣቶቿ መሀል ይዛለች። የምትለውን እየጠበቅኩ የቡታጅራን መንገድ አስብ ነበር።

እናቴ መጣች። የራሷን ቦቲ ተቀብላ አድርጋው ነበር። መግቢያው ላይ ካለው ግንድ ላይ ተቀምጣ አወለቀችው፣ ከጆሮው ላይ አንድ ቁጥርን ፈታች፣ አሥራ አራትን ከወጣቱ እጅ ወስዳ አሰረችበት።

«ሠላሳ ስምንት ነሽ አይደል?» አለቻት ሄለንን።

«እትዬ አስካለ፣ አንቺስ?»

«አድርጊው። ይመሻል።»

እናቴ በሥራ ጫማዋ ወደ ቤት ሄደች። ሌላ የሥራ ጫማ አልነበራትም። ቤት ስንደርስ በቢላ ፋቀችው፣ አጠበችው፣ ከከሰሉ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። ስለ ቡታጅራ አላነሳችም። እኔም አልጠየቅኩም። ነገ በምን እንደምትወጣ ነበር የማስበው።

ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዝናቡ አባርቷል፤ ጭቃው የትናንቱ ነው። እናቴ ጫማዋን ቀብታ አድርጋዋለች፤ ደርቆ ስለጠበቃት እያነከሰች በር ከፈተች። ደጃፉ ላይ ዳማ ቆሟል። ጀርባው ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አለ። ልጓሙን የያዙት ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። ትናንት ድንኳኑ መግቢያ ላይ ሆነው ሁሉን አይተዋል።

«ውጪ» አሏት።

«ኦቦ፣ እኔ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም።»

«ዳማም ክሊኒክ ሄዶ አያውቅም። ውጪ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ጫማውን እያየ ነው የሚሄደው። ማን ቀና ብሎ ያይሻል?»

የበሩን ደረጃ ረግጣ ወጣች፤ ሁለት እግሯን በአንድ በኩል አድርጋ የዳማን ጋማ በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ቦርሳዋን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ኦቦ ቶሎሳ ያሉት ልክ አልነበረም፤ ሁሉም ቀና ብሎ አያት። ጋሽ መኮንን ከጭቃው መሀል ኮፍያቸውን አነሱ።

«እቴጌ አስካለ! ታክሲው ይቁምልዎ?»

«ዝም ብለህ መንገድህን እይ፣ አንተ ሰውዬ!»

ጋጣው ጋ ስንደርስ ሄለን ቀድማን ጫማ ቀይራ ነበር። ቦቲውን ሰጠችኝ፤ አሥራ አራት ነው፤ ሰቀልኩት። ስለ ፈረስ ሽታ ያን ዕለት ምንም አላለችም። እናቴ ድንጋዩ ላይ ወረደች፤ ከድንጋዩ ወደ አስፋልቱ ተራመደች። ከዚያ ተመለሰችና ከኪሷ ሁለቱን ቆርኪ አወጣች፤ ሁለቱም ላይ አንድ ቁጥር አለ። አንዱን ኪሷ መለሰች፤ አንዱን ለኔ ሰጠችኝ።

«ልጓሙ ላይ እሰሪው» አለችኝ። «አሥራ አንድ ተኩል ላይ እመጣለሁ።»

በሽቦ አሰርኩት። ታክሲው አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ተነሳ። እናቴ የተቀመጠችው በር አጠገብ ነበር። ጫማዋ ላይ ጭቃ አልነበረም።